ሥዕሉን አስቀድሞ ልጁ ያንብበው
(የእንግሊዝኛ ቃላትን ለሕፃናት በሥዕል ስለማስተማር)



አባቶቻችን «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይላሉ። ይህን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። በደንብ የገባኝ ግን ለማስተማር ልምምድ ወጥቼ በሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ፊት ሥዕል ይዤ የቆምኩ ዕለት ነው። ዛሬ የማቀርብላችሁ ጽሑፍ የእንግሊዝኛ ቃላትን ለትንንሽ ልጆች በሥዕል ስለማስተማር ይሆናል። ሥዕል ጠቃሚ የትምህርት መርጃ መሣሪያ መሆኑን ለማስረዳት አልደክምም፤ እሱን ሁላችንም ተምረነዋል፣ በፈተናም ጽፈነዋል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሥዕል የሚያስተምረው ልጁ ሥዕሉን ማንበብ ሲችል ብቻ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛው ቃል ከመምጣቱ በፊት ሥዕሉ ራሱ ይፈተን፤ ፈታኙም ልጁ ይሁን እላለሁ።

1. ከራሴ ስሕተት ልጀምር

ለልምምድ የተመደብኩት በወገል ጤና አካባቢ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ወገል ጤናን ለማታውቁ፣ ከጋሸና ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የደላንታ ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ይበቅልበታል። በግ ያልጠበቀ ልጅ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል።

የዕለቱ ትምህርት የቤት እንስሳት ስም ስለነበረ ማታ ቁጭ ብዬ በካርቶን ላይ በግ፣ ላም፣ ውሻና ዶሮ ሣልኩ። በማግሥቱ የበጉን ሥዕል ከፍ አድርጌ «ሺፕ» አልኩ። ልጆቹም «ሺፕ» አሉ። ደገምኩ፤ ደገሙ። ሠለስኩ፤ ሠለሱ። ድምፃቸው የቆርቆሮውን ጣራ ሊያነሣው ምንም አልቀረው። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ለማረጋገጥ ያህል በአማርኛ «ለመሆኑ ሺፕ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ «ፍየል!» አለኝ።

ጉድ ፈላ! እኔ የሣልኩት በግ ነው። ግራ ተጋብቼ ስቆም፣ ከኋላ ወንበር ላይ ሳምንቱን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ጅራቱን ወደ ላይ አቆሙት እኮ። ጅራቱን የሚያቆመው ፍየል ነው። በግ ላት አለው፤ ላቱ ደግሞ ወደ ታች ነው» አለኝ። ና ብዬ ጠመኔውን ሰጠሁት። ሰሌዳው ላይ ወፍራም ላት ያለው፣ ጆሮው ወደ ታች የወረደ በግ ሣለ። መስመሩ የተንጋደደ ነበር፤ እግሮቹም እኩል አልነበሩም። ነገር ግን ያንን ሥዕል አይቶ ፍየል ያለ አንድም ልጅ አልነበረም።

ሁለተኛውን ስሕተት የሠራሁት «ቦይ» የሚለውን ቃል ሳስተምር ነው። የልጅ ሥዕል በጎን በኩል ሣልኩ። በጎን መሣል ይቀለኛል፤ አንድ አፍንጫ፣ አንድ ዓይን፣ አለቀ። አንዲት ትንሽ ልጅ ሥዕሉን ትክ ብላ አየችና «ቲቸር፣ ይሄ ሰይጣን ነው?» አለችኝ። ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ልጅቷ ልክ ናት። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ቅዱሳን ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ክፉዎች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ልጅቷ ከእኔ በፊት ሥዕል ማንበብ የተማረችው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው። እኔ ደግሞ በማላስበው ቋንቋ ሌላ ነገር ጻፍኩላት።

ሦስተኛው የባሰ ነው። «ዎተር»፣ ማለትም ውሃ የሚለውን ቃል ለማስተማር ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከምንጭ የምትመለስ ሴት ሣልኩ። ቀለም ሁሉ ቀባሁት፤ ጓደኞቼም አደነቁልኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ቃሉን ስጠይቅ አንዱ ዎተር ማለት ጀሪካን ነው አለ፤ ሌላዋ እናት ናት አለች፤ ሦስተኛው መንገድ ነው አለ። አልፈርድባቸውም። በዚያ ሥዕል ላይ የማይታይ አንድ ነገር ቢኖር ውሃው ራሱ ነበር። ውሃውማ ጀሪካኑ ውስጥ ነው!

የክፍሉ ባለቤት የሆኑት መምህርት ረጅም ዘመን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከክፍል ስንወጣ «ልጄ፣ ድምፃቸው ከፍ ሲል አትደሰት። ምን እንዳዩ ጠይቃቸው» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህ ምክር ነው።

2. ሥዕል ማንበብም የሚለመድ ነገር ነው

ብዙዎቻችን ሥዕል ለማንም ሰው ወዲያው የሚገባ ይመስለናል። ፊደል መማር ይጠይቃል፤ ሥዕል ግን ዓይን ብቻ ይበቃዋል እንላለን። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ላይ በአገራችን የተደረገ የታወቀ ጥናት አለ። ደሬጎቭስኪ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው ሲሆን፣ የተጠናውም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚኖረው በሜኤን ሕዝብ ዘንድ ነው። በዚያን ጊዜ እነዚህ ሰዎች ከሥዕል ጋር ብዙ ትውውቅ አልነበራቸውም። ተመራማሪዎቹ የሚታወቁ እንስሳትን ሥዕል በጨርቅ ላይ አድርገው አሳዩአቸው። አብዛኞቹ እንስሳውን ለዩት። ሆኖም እንደ እኛ በአንድ ጊዜ አልነበረም፤ ጊዜ ወስደው፣ እግሩን፣ ጅራቱን፣ ቀንዱን አንድ በአንድ እየተመለከቱ ነው። እንስሳውንማ ከተመራማሪዎቹ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ያልለመዱት ሥዕሉን ነው።

ከዚህ ጥናት ለእኛ የሚሆን ሁለት ትምህርት አገኛለሁ። አንደኛ፣ ሰው ሥዕልን የሚለየው ነገሩን ከሌላው በሚለየው ምልክት ነው፤ የእኛ አገር በግ ምልክቱ ላቱ ነው። ሁለተኛ፣ ለሥዕል አዲስ የሆነ ሰው ጊዜ ይፈልጋል። እኛ ግን ካርዱን አንዴ ብልጭ አድርገን ወደ ቃሉ እንሮጣለን። ልጁ ገና ጅራቱን እያየ ሳለ እኛ ቃሉን ጨርሰን ሌላ ሥዕል አንሥተናል።

ሥዕልን ለቋንቋ ትምህርት በመጽሐፍ መልክ በማዘጋጀት ስሙ የሚነሣው ኮሜኒየስ ነው። የሞራቪያ ተወላጅ የሆነው ይህ መምህር እ.ኤ.አ. በ1658 በጀርመን አገር በኑርንበርግ ከተማ ላቲንና ጀርመንኛ ጎን ለጎን ያሉበት የሥዕል መጽሐፍ ለሕፃናት አሳተመ። በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝኛም ወጣ። የኮሜኒየስ ብልሃት ሥዕል መጨመሩ ብቻ አልነበረም። በሥዕሉ ውስጥ ካለው ነገር አጠገብ ቁጥር አደረገ፤ ያንኑ ቁጥር በጽሑፉ ውስጥ ከቃሉ ጎን አስቀመጠ። ስለዚህ ልጁ «ይህ ቃል የየትኛው ነገር ስም ነው?» ብሎ አይደናገርም። ኮሜኒየስ የእኔን ባለ ጀሪካን ሴት ቢያይ ኖሮ «ቁጥሩ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ይመስለኛል።

3. ነገሩን ያየ ልጅ ቃሉን አይረሳም

እንግዲህ ሥዕል እንዲህ የሚያስቸግር ከሆነ ለምን አንተወውም? ቃሉን በአማርኛ ተርጉመን ብንነግራቸውስ? የሚል ጓደኛ አይጠፋም። መልሱን ከወገል ጤና ላምጣ።

በደላንታ ገደላገደሎች ውስጥ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ እየተቆፈረ ይወጣል። ዛሬ የወገል ጤና ኦፓል በዓለም ገበያ ስሙ ይታወቃል። «ኦፓል» የውጭ ቃል ነው። ሆኖም በአካባቢው የአምስት ዓመት ሕፃን እንኳን ኦፓል ምን እንደሆነ ያውቃል። ማን አስተማረው? ማንም ተርጉሞ አልነገረውም። ድንጋዩን በአባቱ ወይም በጎረቤቱ መዳፍ ላይ አየ፤ ወደ ፀሐይ ሲያዞሩት ቀለሙ ሲለዋወጥ ተመለከተ፤ ወዲያው «ኦፓል» የሚል ድምፅ ሰማ። ነገርና ድምፅ በአንድ ጊዜ ወደ ልቡ ገቡ።

በላሊበላም እንደዚሁ ነው። በቤተ ማርያምና በቤተ ጊዮርጊስ መንገድ ላይ የሚጫወቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሳይገቡ «ፔን» የሚለውን ቃል ያውቁታል፤ ብዕሩን በቱሪስቱ እጅ ላይ አይተዋልና። አማርኛችን ራሱ መኪና፣ ጎማና ቦርሳ የሚሉትን ቃላት ከጣሊያንኛ የወሰደው ከነገሮቹ ጋር ነው።

ስለዚህ ሥዕል የምንጠቀምበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሁሉን ነገር ወደ ክፍል ማምጣት ስለማንችል ሥዕሉ የነገሩ ምትክ ይሆናል። ምትክ ደግሞ የሚተካውን ነገር ካልመሰለ ምትክነቱ ይቀራል። ከዚህ አንድ ሕግ ይወጣል፤ ነገሩ ራሱ ካለ ሥዕል አያስፈልግም። ውሃን ለማስተማር አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃ ነበር። ጠመኔ፣ በር፣ እጅ፣ ጆሮ፣ ድንጋይ፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ጫማ፣ እነዚህን ሁሉ መሣል ጊዜ ማጥፋት ነው። ላም፣ ቤት፣ ፀሐይ፣ ዛፍ፣ ተራራ፣ መኪና ግን በሥዕል ይምጡ።

4. ሥዕሉን እንዴት እንፈትነው?

ከዚህ በታች የምዘረዝረው ከስሕተቴ በኋላ በቀሩት የልምምድ ሳምንታት የሠራሁበት ነው።

ሀ) ሥዕሉን ከክፍል በፊት ለሦስት ልጆች ማሳየት። የቤት ባለቤት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ በመንገድ ላይ ያለ እረኛ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅና ዝም ማለት ነው። መጠቆም፣ መርዳት የለም። ሦስቱም አንድ ነገር ካሉ ሥዕሉ አልፏል። ሦስቱም የተለያየ ነገር ካሉ ጥፋቱ የሥዕሉ ነውና እንደገና ይሣላል። «ምኑን አይተህ ነው?» ብሎ መጠየቅም አይረሳ፤ ልጁ የሚሰጠው መልስ ምን መታረም እንዳለበት ይነግረናል።

ለ) አንድ ሥዕል፣ አንድ ነገር። ላም ለማስተማር ላም ብቻ ይሣል። ሣሩ፣ ተራራው፣ እረኛው፣ ደመናው ይቅር። ያምራል፤ ግን ልጁ የትኛውን እንደምንጠራ አያውቅም።

ሐ) የአገሩን ነገር መሣል። ቤት ሲባል በአካባቢው ያለው ቤት ይሁን፤ ጎጆም ይሁን ቆርቆሮ ክዳን። «አፕል» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል መጀመሪያ ላይ ስለሚመጣ ሁላችንም ቀይ ፍሬ እንሥላለን። ፍሬውን አይቶ ለማያውቅ ልጅ ግን ያ ቲማቲም ነው። የማያውቀውን ነገር በማያውቀው ቋንቋ ከማስተማር፣ የሚያውቀውን ነገር በማያውቀው ቋንቋ ማስተማር ይቀድማል። ባሕሩና መርከቡ በኋላ ይደርሳሉ።

መ) ለአንድ ቃል ከአንድ በላይ ሥዕል ማዘጋጀት። ነጭ በግ ብቻ ካሳየን ልጁ ሺፕ የሚለውን ቃል ለነጭነቱ ሊሰጠው ይችላል። ነጭ በግ፣ ጥቁር በግ፣ ግልገል፣ የተኛ በግ ሲያይና ለሁሉም አንድ ስም ሲሰማ ቃሉ የበግ መሆኑ ይገባዋል።

ሠ) ጠባይንና ድርጊትን በጥንድ ማሳየት። «ቢግ»፣ ትልቅ የሚለውን ቃል በአንድ ዝሆን ሥዕል ማስተማር አይቻልም፤ ልጁ ቢግ ማለት ዝሆን ነው ይላል። ሁለት ተመሳሳይ ቤቶች፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆነው ጎን ለጎን ይሣሉ። መሮጥ፣ መቀመጥ፣ መዝለል ደግሞ ከሥዕል ይልቅ በልጆቹ አካል ይታዩ።

ረ) ርቀትን በመጠን ከማሳየት መጠንቀቅ። በሩቅ ያለውን ቤት አሳንሰን ብንሥለው ለእኛ ሩቅ ነው፤ ለሕፃን ግን ትንሽ ቤት ሊሆን ይችላል።

5. አማርኛ በእንግሊዝኛ ክፍል ይግባ ወይስ አይግባ?

እዚህ ላይ ከአንዳንድ መምህሮቻችን ጋር በትሕትና እከራከራለሁ። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ፈጽሞ አይነገር የሚል ትምህርት ይሰጠናል። ምክንያቱ ጠንካራ ነው። መምህሩ እያንዳንዱን ቃል የሚተረጉም ከሆነ ልጁ እንግሊዝኛውን መስማት ትቶ ትርጉሙን መጠበቅ ይለምዳል። ይህንን እቀበላለሁ።

ነገር ግን በዚያች ዕለት በአማርኛ ባልጠይቅ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ሃምሳ የሚያህሉ ልጆች ፍየልን ሺፕ እያሉ ወደ ሦስተኛ ክፍል ያልፉ ነበር። ገምጋሚ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ልጆቹ እንዴት ባለ ድምፅ እንደሚደግሙ ሰምቶ ጥሩ ነጥብ ይሰጠኝ ነበር። እኔም ጎበዝ መምህር ነኝ ብዬ እመለስ ነበር። የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ሥዕሉን ለመፈተን አማርኛ፤ ቃሉን ለማስተማር እንግሊዝኛ። በትምህርቱ መጀመሪያ ላይ «ይህ ምንድን ነው?» ብለን በአማርኛ እንጠይቅ። ልጆቹ ምን እንደሚያዩ ካረጋገጥን በኋላ አማርኛውን ትተን በሥዕሉና በእንግሊዝኛው እንሂድ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዴ በአማርኛ እናረጋግጥ። እንደ ትናንት፣ ምናልባት፣ ስለዚህ ያሉ በሥዕል የማይታዩ ቃላት ሲያጋጥሙ ደግሞ ሥዕል ፍለጋ አንድከም፤ በአንድ የአማርኛ ቃል ተናግሮ ማለፍ ይሻላል።

6. ጆሮም ይፈተን

ሥዕል ለዓይን ነው፤ ቃል ግን በጆሮ ይገባል። በእንግሊዝኛ በግና መርከብ የሚባሉበት ድምፅ ለእኛ ጆሮ አንድ ነው። በፊደላችን ስንጽፋቸውም ሁለቱም «ሺፕ» ይሆናሉ። ልዩነታቸው የበጉ ድምፅ ረዘም ብሎ ከንፈር ሳብ ሲል፣ የመርከቡ ደግሞ አጭርና ላላ ማለቱ ነው። ይህንን ልዩነት ለትንሽ ልጅ በቃላት ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። የመርከብን ነገር ልጆቹ ካወቁ በኋላ፣ ምናልባት በላይኛው ክፍል፣ ሁለቱን ሥዕሎች ግራና ቀኝ ሰቅሎ አንዱን ቃል መጥራትና ልጆቹ በእጃቸው እንዲያመለክቱ ማድረግ ይበቃል። አፉ ከመናገሩ በፊት ጆሮው ይለይ።

በዚሁ ምክንያት መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ከሥዕሉ ፊት አልጽፍም። ከጀርባው እጽፈዋለሁ። ልጁ በመጀመሪያ ነገሩን ከድምፁ ጋር ያገናኝ፤ ፊደሉ በሌላ ቀን ይመጣል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የቃል ካርድ ለብቻው ተዘጋጅቶ ከሥዕሉ ጋር ያዛምዳሉ።

7. የአንድ ክፍለ ጊዜ ምሳሌ

አርባ ደቂቃ አለን እንበል። ቃላቱ አምስት ናቸው፤ ሺፕ፣ ካው፣ ዶግ፣ ሄንና ዶንኪ፣ ማለትም በግ፣ ላም፣ ውሻ፣ ዶሮና አህያ። ከዚህ በላይ ለትንንሽ ልጆች አይብዛባቸው።

የመጀመሪያው 5 ደቂቃ፦ ያለፈውን ቀን ቃላት በሥዕል መከለስ።

ቀጣዩ 5 ደቂቃ፦ አዲሶቹን ሥዕሎች ማሳየትና በአማርኛ መፈተን። በክፍሉ መካከል እየተዘዋወርን፣ ከኋላ ያሉትም እስኪያዩ ድረስ።

ቀጣዩ 8 ደቂቃ፦ ማሰማት። መምህሩ ሥዕሉን እያሳየ ቃሉን ሦስት ጊዜ ይላል፤ ልጆቹ ያዳምጣሉ። ገና አይደግሙም። መጨረሻ ላይ አንድ ላይ ይላሉ።

ቀጣዩ 10 ደቂቃ፦ ማስለየት። አምስቱ ሥዕሎች በአምስት ቦታ ይሰቀላሉ። መምህሩ «ዶንኪ» ሲል ልጆቹ ወደ አህያው ያመለክታሉ። እዚህ ላይ ልጁ ምንም ሳይናገር ማወቁንና አለማወቁን እናያለን። ዓይን አፋሩም ልጅ ይሳተፋል።

ቀጣዩ 7 ደቂቃ፦ ማናገር። «የጎደለው የቱ ነው?» የሚለው ጨዋታ እዚህ ላይ ጥሩ ነው። ልጆቹ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ መምህሩ አንድ ሥዕል ያነሣል፤ ዓይናቸውን ሲገልጡ የጠፋውን በእንግሊዝኛ ይናገራሉ። ሥዕሉን በወረቀት ሸፍኖ ቀስ በቀስ እየገለጡ ማስገመትም ይወዱታል።

የመጨረሻው 5 ደቂቃ፦ ማረጋገጫ። ሥዕል ሳያሳዩ ቃሉን ብቻ መጥራትና ጥቂት ልጆች በሰሌዳ ላይ እንዲሥሉት ማድረግ። የሣሉት የተጠራውን ነገር ከሆነ ትምህርቱ ገብቷል። ይህ ከማንኛውም የጋራ ጩኸት የበለጠ ማስረጃ ነው።

8. ከምን እንሥራው?

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በደረሰው ጦርነት በወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍታቸውንና የትምህርት መርጃ መሣሪያዎቻቸውን አጥተዋል። የታተመ ሥዕል እስኪመጣልን ከጠበቅን ልጆቹ አይጠብቁንም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ካደረገ ወዲህ ልጅ ከቋንቋው ጋር የሚገናኘው ገና በጨቅላነቱ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ደግሞ ሒሳቡም ፊዚክሱም በዚሁ ቋንቋ ይሆንበታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተበላሸው ነገር በኋላ የሚያስከፍለው ቀላል አይደለም፤ ብዙዎቻችን ከራሳችን እናውቀዋለን።

ደግነቱ ዕቃው በእጃችን ነው። የሳሙናና የብስኩት ካርቶን፣ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ጥሩ መሣያ ናቸው። ከሰል ጥቁር ቀለም ይሆናል፤ እንዳይለቅ ዳር ዳሩን በእስክሪብቶ ማጥበቅ ነው። የቡና አተላ ቡናማ፣ ቀይ አፈር ደግሞ ቀይ ይሰጣል። ከስንዴ ዱቄት ሙጫ ይሠራል። የማዳበሪያ ከረጢት ጫፉን ወደ ላይ እያጠፉ ቢሰፉት ካርዶችን የሚይዝ ባለ ኪስ ሰሌዳ ይወጣዋል። ስድሳና ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ሥዕሉ ቢያንስ ከመምህሩ ደረት የሰፋ ይሁን፤ የኋላው ልጅ ካላየው እንዳልተሣለ ይቆጠራል።

ከሁሉም በላይ ግን ልጆቹ ራሳቸው ይሣሉ። ያ የላት ባለሙያ ልጅ ከዚያን ዕለት በኋላ የክፍሉ ሠዓሊ ሆነ። አዲስ ሥዕል ሳመጣ በመጀመሪያ ለእሱ አሳየዋለሁ። «ይሄ ይሁን»፣ «ይሄስ አህያ ሳይሆን በቅሎ ነው፤ ጆሮው አጠረ» ይለኛል። እኔም አርማለሁ። በልምምዱ መጨረሻ ላይ አምስቱን እንስሳት በእንግሊዝኛ ሳይሳሳት ይጠራ ነበር። የበለጠ ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነው። እጁን ማውጣት ጀምሮ ነበር።

9. ማጠቃለያ

ውድ ጓደኞቼ፣ አንድ ሐሳብ ላቅርብና ላብቃ። እያንዳንዳችን ከልምምድ ስንመለስ የሣልናቸውን ሥዕሎች እንጥላቸዋለን። ለምን በማኅበር አንድ ሣጥን አናዘጋጅም? እያንዳንዱ ሥዕል ከጀርባው ቃሉ፣ የተፈተነበት ወረዳና ልጆቹ የሰጡት መልስ ይጻፍበት። «ይህን ሥዕል ልጆች ፍየል ብለውታል» የሚል አንድ መስመር ለሚቀጥለው እጩ መምህር ከብዙ ገጽ ማስታወሻ ይጠቅመዋል። ከቆላ የመጣ ጓደኛችን የሣለው ደጋ ላይ፣ ደጋ ላይ የተሣለው ቆላ ላይ ይሠራ እንደሆነም በዚሁ እናውቃለን።

የኔን የተሳሳተ በግ ለሣጥኑ የመጀመሪያ አበርክቶ አድርጌ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፌዋለሁ። ጅራቱን ተመልከቱልኝ። በጽሑፉም ላይ አስተያየት ወይም ተቃውሞ ያላችሁ፣ በተለይ ስለ አማርኛ አጠቃቀም ያልኩትን የማትቀበሉ መምህሮቻችን፣ በሚቀጥለው እትም ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ቸር ይግጠመን።